ዶቅዶቄ፦ ስለ አሮጌዋ ባለሁለት ምት ሞተር ሳይክል የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ገጠር መንገዶች በጻፍሁት ጽሑፍ መካከል፣ በወጣትነቴ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በእንስሳት ጤና ረዳትነት ስሠራ የነዳኋትን ባለ 125 ሲሲ ያማሃ ዲቲ በሁለት መስመር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ከዋናው ጉዳይ ይልቅ ስለነዚያ ሁለት መስመሮች የጻፉልን አንባቢያን በዝተው በመገኘታቸው፣ የዚህ ወር ዓምድ በሙሉ ለእሷና ለመሰሎቿ እንዲሆን የዝግጅት ክፍሉ ፈቅዶልኛል። ደብዳቤዎቹን ሳነብብ ብዙዎቻችን አንድ ዓይነት ድምፅና አንድ ዓይነት ሽታ በልባችን ይዘን እንደምንኖር ስለተረዳሁ፣ መልሶቼ ከወትሮው ረዘም ቢሉ አንባቢያን ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እኔ የተወለድሁት በ1990ዎቹ ነው። አያቴ ስለ ድሮ ሞተራቸው ሲያጫውቱን «ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት እየቀላቀልን ነበር የምንነዳው» ይላሉ። የእኔ ሞተር ዘይት የሚሞላው ለብቻው፣ ከታች ነው። የእሳቸው ለምን ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል ነበር? ጋራዥ ውስጥ «ቱ ስትሮክ» የሚባለውስ ከዛሬዎቹ በምን ይለያል?

መልስ፦ አያትዎ የነገሩዎ እውነት ነው፤ ምክንያቱም ሞተሩ ከተሠራበት መንገድ የመጣ ነው። የእርስዎ ሞተር ባለአራት ምት ስለሆነ ፒስተኑ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ሲወርድ የሚተኩሰው አንዴ ብቻ ነው፤ የአያትዎ ባለሁለት ምት፣ ማለትም «ቱ ስትሮክ»፣ ግን ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ በወረደ ቁጥር ይተኩሳል። በዚህ ምክንያት ትንሹና ቀላሉ ሞተር ከመጠኑ በላይ ጉልበት ያወጣል። እንደ እርስዎ ሞተር ያለ ቫልቭ የለውም። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ መስኮቶች አሉ፤ እነርሱን የሚከፍታቸውም የሚዘጋቸውም ራሱ ፒስተኑ ነው። አዲሱ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ መጀመሪያ የሚገባው ከፒስተኑ በታች ወዳለው፣ ክራንኩ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ወደሚሽከረከርበት ክፍል ሲሆን፣ ፒስተኑ ሲወርድ እየተጨነቀ በጎን ባሉት መስኮቶች በኩል ወደ ላይ ይወጣል። እንግዲህ ያ ክፍል የቤንዚን መተላለፊያ ከሆነ እንደ እርስዎ ሞተር ዘይት ሊጠራቀምበት አይችልም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ገብቶ፣ ኩሽኔታውንና ፒስተኑን አለስልሶ፣ በመጨረሻም አብሮ ይቃጠላል። ያ ሰማያዊ ጢስና ዛሬም ድረስ በአፍንጫችን ያለው ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 አውቶሉብ የተባለውን ዘዴ ካመጣ በኋላ ለዘይቱ የብቻው ትንሽ ታንከር ተሠራለትና፣ አንዲት ትንሽ ፓምፕ እንደ ነዳጅ አሰጣጡ ልክ እየመጠነች ታንጠባጥበው ጀመር። ዲቲም ስትፈበረክ ይህ ነበራት። የእኔዋ ግን ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ፓምፗ ተነቅሎ ቦታው በቆርቆሮ ተደፍኖ ስለነበር፣ የመቀላቀሉ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ልኩ ለ25 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት፣ ማለትም ለአንድ ሊትር 40 ሚሊ ሊትር ነበር። በመሥሪያ ቤታችን ከአገልግሎት ውጭ የሆነ ባለ 20 ሚሊ ሊትር የከብት መርፌ ነበረኝና በእሱ ሁለት ጊዜ ስቤ ለእያንዳንዱ ሊትር እጨምር ነበር። ዘይቱ ብርድ ላይ ሲሆን መርፌውን ለመሳብ ጣት ያደክማል፤ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ቢጫው ጀሪካን ሲገባ መጀመሪያ እንደ ክር ተዘርግቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጀሪካኑን ከፍ ዝቅ አድርጌ ስንጠው ደግሞ ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ የብርዝ ቀለም ይይዛል። ያን ቀለም ሳላይ ወደ ታንከር ገልብጬ አላውቅም። ዘይቱን በቀጥታ ታንከሩ ውስጥ የሚጨምር ሰው ዘይቱ ከሥር ተኝቶ ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበትን ካርቡሬተር ይደፍንበታል፤ ሳይቀላቀል የሚመጣው ቤንዚን ደግሞ ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር ያጣብቀዋል።

ጥያቄ (ከላይፕሲሽ፣ ጀርመን)፦ በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደዚህ መጥቼ በዚሁ ቀረሁ። ተማሪ ሳለሁ ሲምሶን ኤስ 51 የምትባል ባለ 50 ሲሲ ሞተር ነበረችኝ። ዛሬ የልጅ ልጆቼ እኩዮች ያቺኑ ሞተር እያደሱ ሲነዱ አያለሁ። ያማሃም ከጀርመን ሞተር የተቀዳ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው? በዚህ ዕድሜዬስ አንዷን መልሼ ብገዛ ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ እርስዎም ካሉበት ከተማ ብዙ ሳይርቁ የነገሩን መነሻ ማየት ይችላሉ። በሳክሶኒ ግዛት ቾፓው በምትባለው ትንሽ ከተማ፣ ራስሙሰን የተባለው ዴንማርካዊ የመሠረተው ዲ ካ ቬ የተሰኘ ፋብሪካ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል አምራች እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ይህ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1939 አር ቴ 125 የተባለችውን፣ ትክክለኛ ልኳ 123 ሲሲ የሆነ ትንሽ ባለሁለት ምት ሞተር አወጣ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ንድፏ በካሣ መልክ ለአሸናፊዎቹ አገሮች ስለደረሰ፣ እንግሊዞች ከእሷ ባንተም የተባለችውን፣ አሜሪካኖች ባለ 125ቷን ሃርሊ ዴቪድሰን፣ ሶቪየቶች ደግሞ የሞስኮንና የሚንስክን ሞተሮች ሠሩባት። ቾፓው የቀረው ፋብሪካም ኤም ዜድ ተብሎ በምሥራቅ ጀርመን መሥራቱን ቀጠለ።

ጃፓኖቹም አርአያ ያደረጉት እሷኑ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ ይሠራ የነበረው ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1955 የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉን ሲያወጣ ዋይ ኤ 1 አላት፤ ሕዝቡ ግን በቀለሟና በቅጥነቷ «ቀይዋ የውኃ ተርብ» አላት። በዚያው ዓመት የፉጂ ተራራ የዳገት ውድድርን አሸነፈች። በእኔዋ ታንከር ላይ የነበረው የያማሃ ምልክት፣ ሙዚቀኞች ድምፅ የሚቃኙባቸው ሦስት ሹካ መሰል ብረቶች የተጠላለፉበት ነው። ምልክቱ ከፒያኖው የመጣ መሆኑን ሳላውቅ በፊት እንኳ እነዚህ ሞተሮች በጆሮ የሚቃኙ ናቸው እል ነበር። የእኔዋ ዲቲም ልኳ 123 ሲሲ ነበር። በቾፓው የተጀመረው ነገር ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥቶ በእኔ ደጅ ቆሞ እንደነበር ያወቅሁት ሞተሯን ከሸጥሁ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ባወቅሁ ጊዜም ይበልጥ ናፈቅኋት።

ስለ መግዛቱ ከጠየቁኝ ይግዙ እላለሁ። እርስዎም እንደሚያውቁት በጀርመን ለባለ 50 ሲሲ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሳለ፣ እስከ የካቲት 1992 እ.ኤ.አ. ድረስ በምሥራቁ ወደ መንገድ የወጡት ሲምሶኖች ግን ሁለቱ ጀርመኖች ሲዋሐዱ በተፈረመው ውል መሠረት ዛሬም በ60 እንዲሄዱ ይፈቀድላቸዋል፤ ወጣቶቹ የሚሻሙባቸውም በዚህ ነው። መለዋወጫቸው እንደ ልብ ይገኛል። ዘይቷም ለ50 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ አባታችን የግብርና ባለሙያ ነበሩ። ካረፉ 11 ዓመት ሆኗቸዋል። ያማሃ ዲቲ 125 ሞተራቸው ከዚያ ጀምሮ ጓዳ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። ወንድሞቼ «ቦታ ከምትይዝ ለቁራሌው እንስጣት» ይላሉ፤ እናታችን ግን ሸራውን ማንም እንዲያነሣው አይፈቅዱም። እርስዎ እንዲህ ዓይነቷን ይዘው ስለነበር ሁለት ነገር ልጠይቅዎ፤ ሰው በእነዚህ ሞተሮች ልቡ የሚነካው ለምንድን ነው? ደግሞስ መልሳ ትነሣለች ወይ?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የእናትዎን ልብ የማውቀው ይመስለኛልና፣ ከሁለተኛው ጥያቄ በፊት ስለ መጀመሪያው የማውቀውን እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ።

የእኔዋን የገዛኋት በ1985 ዓ.ም. በሐራጅ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠራች፣ ታንከሯ ነጭ፣ ኮርቻዋ በሁለት ቦታ የተቀደደ፣ ማርሚታዋ በሽቦ የታሰረ ነበረች። የወር ደመወዜን ቆጥቤ ስከፍላት ባለቤቴ «በዚህ ገንዘብ ላም አይገዛም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ እኔም መልስ አልነበረኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የበኩር ልጃችን ሌሊት ተንፈራፍሮ ሲያድርብን፣ ባለቤቴ ሕፃኑን በነጠላ አዝላ ከኋላዬ ተቀምጣ እስከ ሆስፒታል የወሰደችን ያቺው ሞተር ነበረች፤ ከዚያ ቀን በኋላ የላሟን ነገር አንሥታ አታውቅም።

ሥራዬ የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት በየቀበሌው መስጠት ነበር። የበረዶውን ሣጥን ከኋላ በጎማ ገመድ አስሬ ጎሕ ሲቀድ ከቤት እወጣለሁ። ጮቄ ተራራ ሥር ባሉት ቀበሌዎች ውርጩ ሜዳውን አመድ አስመስሎት ያድርና የሞተሯ ጉልበት ይቀንሳል፤ ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባታልና ትንተባተባለች፣ ጢሷም ይጠቁራል። እንዲህ ስትሆንብኝ ካርቡሬተሩን ከፍቼ ቤንዚኑን የምትመጥነውን ትንሽ መርፌ አንድ እርከን ዝቅ አደርግላታለሁ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላዋን ነቅዬ ጫፉን አያለሁ፤ ለዘብ ተደርጎ የተቆላ ቡና ቀለም ካለው ደኅና ነች፣ ጠቁሮ ከረጠበ ቤንዚኑ ወይም ዘይቱ በዝቷል፣ ከነጣ ደግሞ ቤንዚኑ አንሶ እየነደደች ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አልነበረም። እሷው በድምፅዋ፣ በጢሷና በካንዴላዋ ቀለም ነገረችኝ። አባትዎም ይህን ቋንቋ ሳያውቁት አልቀሩም።

ሌሎችም ድምፅዋን ያውቁት ነበር። በነገራችን ላይ ዶቅዶቄ የሚለው ስም ረጋ ብሎ ለሚመታው ባለአራት ምት ሞተር የወጣ ይመስለኛል፤ የእኛዎቹ ድምፅ ጠበብ ያለ፣ ቁልቁል ላይ የሚንጠባጠብ፣ ዳገት ላይ እንደ ንብ መንጋ የሚጮኽ ነው። ቢሆንም ገበሬው ሁሉንም ዶቅዶቄ ይላቸው ነበር። ከወንዙ ማዶ ድምፅዋን ሲሰሙ ልጆች «የከብቱ ሐኪም ዶቅዶቄ መጣች!» እያሉ ይሮጡና፣ እኔ ከመድረሴ በፊት ጥጆቹና በሬዎቹ ወደ በረቱ መነዳት ይጀምራሉ። በስልክ ቀጠሮ በማይያዝበት በዚያ ዘመን መልእክተኛዬ እሷ ነበረች። እናቴም የጨሞጋን ድልድይ ስሻገር ማርሽ የምቀንስበትን ድምፅ ለይታ ታውቀው ስለነበር፣ ከመድረሴ በፊት ምጣዱ ይጣዳል።

አንድ ቀን ግን አጠፋሁባት። ፍቼ ከተማ ከነበረው የእኅቴ ሠርግ እየተመለስሁ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ጀመርሁ። ያኔ ህዳሴ ድልድይ ገና አልተሠራም፤ መንገዱ በአሮጌው ድልድይ ነበር። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነውና ነዳጁን ዘግቼ ማርሹን ይዤ ብዙ መንገድ ወረድሁ። ዘይቷ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ ነዳጅ በተዘጋ ቁጥር ፒስተኑም ዘይት አጥቶ መፋተጉን እዚያ ላይ ዘነጋሁት። ደግሞም ካርቡሬተሩ ለደብረ ማርቆስ ከፍታ የተመጠነ ስለነበር፣ ከታች ባለው ጥቅጥቅ ያለ አየር ቤንዚኑ አንሶባት ይነድዳት ነበር። ድልድዩን ተሻግሬ የደጀንን ዳገት ስይዝ ድምፅዋ ቀጠነ፤ ያ ቅጥነት ማስጠንቀቂያ መሆኑን አሁን አውቃለሁ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የኋላው ጎማ በድንገት ተያዘና አስፋልቱን ጠረገው። እጄ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን የያዘው ከአእምሮዬ ቀድሞ ነው፤ ባይዝ ኖሮ ይህን ባልጻፍሁ ነበር።

ጸጥታው ዛሬም ይሰማኛል። የሞተሯ ብረት እየበረደ «ጥቅ፣ ጥቅ» ይል ነበር። ጥላ ፈልጌ ጎኗ ተቀመጥሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ካንዴላዋን ነቅዬ በዚያው መርፌ ንጹሕ ዘይት በቀዳዳው ጨምሬ፣ በሦስተኛ ማርሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያልሁ ስወዘውዛት ፒስተኑ ለቀቀ። በቁልቁል የሚመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ ውኃ ሰጠኝና «ወንድሜ፣ እሷ ናት ወይስ አንተ የደከምኸው?» አለኝ። ቀስ ብለን፣ እየቆምን፣ ሲመሽ ደጀን ገባን። ፒስተኑን በኋላ ሳስለውጠው በጎኑ ላይ እንደ ጥፍር ጭረት አራት መስመሮች ነበሩበት። ዛሬ ይህን ስጽፍ ወረቀቶቼን ነፋስ እንዳይወስድብኝ የጫንሁባቸው ያንኑ ፒስተን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረዥም ቁልቁል ስወርድ ፍሪሲዮን ይዤ በየመካከሉ ነዳጅ እሰጣታለሁ፤ ታንከሩ ውስጥም ለበረሃው መንገድ ዘይት ከፍ አደርጋለሁ።

እንግዲህ ሰው ልቡ የሚነካው ለዚህ ይመስለኛል። እነዚህ ሞተሮች ባለቤታቸው ካላዳመጣቸው አይሄዱም፤ ያዳመጣቸውን ሰው ግን በሁለት ቁልፍና በአንድ ካንዴላ መፍቻ ከየትኛውም በረሃ ያወጡታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። ትነሣለች፤ ግን እባክዎ ሸራው በተነሣ ቀን ማስነሻዋን አይርገጡ። 11 ዓመት የቆመ ሲሊንደር ግድግዳው ዝጎ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ካንዴላውን ነቅለው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩና አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ በትልቁ ማርሽ አስገብተው የኋላውን ጎማ በእጅ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ከዞረ ትልቁ ፍርሃት አለፈ። የታንከሩን ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ይድፉት፤ ቆይቶ የቀለም ሽታ ይዟል። ታንከሩ ከውስጥ ዝጎ ከሆነ በጥቂት ናፍጣና በቀጭን ሰንሰለት ደጋግመው ይናጡት። የካርቡሬተሩን ቀዳዳዎች በአየር ያስነፉ እንጂ በብረት ሽቦ አያስወጓቸው፤ በብረት የሰፋ ቀዳዳ ልኩን ካጣ መልሶ አይጠብም። የቆዩት ዲቲዎች መብራታቸው ባለ 6 ቮልት፣ ማቀጣጠያቸው በፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን በሚያዝ መገናኛ) ስለሆነ፣ እሳት ካጡ ከሁሉ አስቀድመው ፑንቲናውን ያጽዱት፤ ብዙ ጊዜ በሽታው የዝገት ቅብ ብቻ ነው።

ከሁሉም አብልጠው ሊጠነቀቁላቸው የሚገባው በክራንኩ ግራና ቀኝ ላሉት የዘይት መከልከያ ጎማዎች ነው። ቆመው ሲከርሙ ይደርቃሉ። በአንዱ በኩል አየር ከሳበ ቤንዚኑ ያንስና ሞተሯ ማንም ሳይነካት በራሷ ጊዜ እያጓራች ትነድዳለች፤ ይህ ከሆነ ወዲያውኑ ያጥፏት። በማርሹ በኩል ያለው ከፈሰሰ ደግሞ የማርሽ ዘይቱን እየሳበች ማብቂያ የሌለው ነጭ ጢስ ታወጣለች። ሁለቱም ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ አለመቀየራቸው ግን ፒስተን ያስከፍላል። የአባትዎ ሞተር የዘይት ፓምፗ ካለ፣ መሥራቱን እስኪያረጋግጡ ድረስ ለመጀመሪያው ታንከር ቤንዚኑን እንዲሁም ቀላቅለው ይሙሉ፤ ጢስ ቢበዛ ሞተሯን አይጎዳም፣ ዘይት ቢያንስ ግን የድካምዎ ሁሉ መጨረሻ ይሆናል።

ማርሚታውን መክፈትንም አይርሱ። የውስጡ ቱቦ በዘይት ጥላሸት ተደፍኖ ሊሆን ስለሚችል አውጥተው በእሳት ያቃጥሉትና ይጥረጉት። እኔ በየስድስት ወሩ እንዲህ አደርግ ነበር፤ በማግስቱ ዳገቱን ስትወጣ ጉልበቷ አዲስ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ፤ ታንከሩን አያስቀቡት። የአባትዎ ጉልበት የፈተገው ቦታ በሁለቱም ጎን ቀለሙ ሳስቶ ይገኛል፤ የመሪው ላስቲክም በእጃቸው ልክ ጎድጉዷል። ቀለም የትም ይገዛል፤ ያ ግን አይገዛም። ሊብሬውንም ከአባትዎ ወረቀቶች መካከል ይፈልጉት፤ ያለ እሱ ወደ መንገድ መመለሱ ረዥም ደጅ ጥናት ነው። ከዚያም ስትነሣ እናትዎ በአካባቢው ይኑሩ። ድምፅዋን የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና በትክክል መነሣቷን ከመካኒኩ ይልቅ እሳቸው ይነግሩዎታል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ስለ እነዚህ ሞተሮች በፍቅር መጻፍዎን አከብራለሁ። ነገር ግን የሚተፉት ጢስ ለሰው ጤና አይከፋም?

መልስ፦ ይከፋል። በባለሁለት ምት ሞተር መግቢያውና መውጫው መስኮት ለአፍታ አብረው ስለሚከፈቱ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከጢሱ ጋር ያመልጣል፤ የሚቃጠለው ዘይትም በዚያ ላይ ይጨመራል። በከተማ መንገዶች ላይ በባለአራት ምት ሞተር መተካታቸው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ አሮጌ ሞተር ያለውም ሰው ንጹሕና ጢሱ አነስተኛ የሆነ ዘይት በልኩ ቢጠቀም፣ ማርሚታውን ቢያጸዳና በበዓል ቀን አውጥቶ ቢነዳት ጉዳቷ ጥቂት ነው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ያቺ ዲቲዎ አሁን የት ናት?

መልስ፦ በ1997 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ስዛወር ብቸና ለሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር ሸጥኋት። ዋጋውን ሲቆጥርልኝ እጄን ዘርግቼ ለመቀበል ቸግሮኝ ነበር። ቁልፏን፣ ካንዴላ መፍቻዋንና ያቺን ባለ 20 ሚሊ ሊትር መርፌ በአንድ ከረጢት አድርጌ ሰጠሁት፤ አቀላቀሉንም በፊቱ ሁለት ጊዜ አሳየሁት። «ለአንድ ሊትር ሁለት ጊዜ፤ ቁልቁል ላይ ነዳጅ መስጠት አትርሳ» ብዬ አሰናበትሁት። ድምፅዋ ከኮረብታው ጀርባ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁ።

ከአራት ዓመት በኋላ ለቀብር ወደዚያው አገር ሄጄ በገበያ ቀን ብቸና ላይ ሻይ ስጠጣ ከኋላዬ ሞተር መጣ። ዞር ሳልል አወቅኋት፤ ሁልጊዜም ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስትገባ እንደ ማስነጠስ የምትል አንዲት ምት ነበረቻት። ኮርቻዋ ተለውጧል፤ ታንከሯ ግን ያው ነጩ ነበር። መምህሩ ወርዶ ሳመኝና፣ የተጫነውን የተማሪዎች ደብተር ወደ ጎን አድርጎ የመሣሪያ ከረጢቷን ከፈተ። መርፌው እዚያው ነበር፤ ቁጥሮቹ በዘይት ተሸፍነው 20ው ብቻ ይነበብ ነበር። «እስካሁን ሁለት ጊዜ ነው፣ ጋሼ» አለኝ።